ድምፅን የሚገዛ ድምፅ፦ በኤሌክትሮኒክ የሙዚቃ መሣሪያዎች ውስጥ ስላለው ሞጁሌሽን

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ሞጁሌሽን ስለተባለው ነገር ነው። ቃሉ በዚህ አዳራሽ ለተሰበሰብነው የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያዎች እንግዳ አይደለም። ኤ ኤም እና ኤፍ ኤም እያልን በየዕለቱ የምንጠራቸው ስሞች መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤም» ሞጁሌሽን ማለት ናት። ሆኖም እኛ ይህን ነገር የምናውቀው በራዲዮ ማሠራጫና መቀበያ ውስጥ ነው። በሙዚቃ መሣሪያ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ግን፣ ከራሴ ልጀምርና፣ ብዙዎቻችን በቅጡ አናውቅም። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሠርግ ቤት የሚጫወት አንድ ወጣት ኪቦርዱን ለጥገና አመጣልኝ። «ጋሼ፣ ሳልነካው ድምፁ በራሱ ይንቀጠቀጣል» አለኝ። ስከፍተው ጥፋቱ ወዲያው ታየኝ። ከመምቻዎቹ በስተግራ ካሉት ሁለት ትንንሽ መንኰራኵሮች አንዱ፣ ሞጁሌሽን ዊል የሚባለው፣ ከሥሩ ያለው ፖቴንሽኦሜትር በአቧራና በብዛት በመዞር አልቋል። የተበላሸው ፖቴንሽኦሜትር ማንም ሳይነካው የሚዋዥቅ ቮልቴጅ ይልካል፤ መሣሪያውም የታዘዘ መስሎት ይንቀጠቀጣል። ምትኩ በእጄ አልነበረም። ወጣቱም ለቅዳሜ ሠርግ ስለቸኰለ «ስሙንም አላውቀው፤ ይቍረጡልኝ» አለኝ። እኔም ሽቦውን ቈርጬ ወደ ዜሮ አሰርሁት። መንቀጥቀጡ ቆመ፤ ሂሳቡን ከፍሎ ሄደ።

ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ተመልሶ መጣ። «ጋሼ፣ መሣሪያው ጤነኛ ነው፤ ማሲንቆው ግን ሞተብኝ፤ ፉጨት ሆነ» አለኝ። አስቀምጬ እንዲጫወት አደረግሁትና እጁን ተመለከትሁ። ቀኝ እጁ ዜማውን ሲጫወት፣ የግራ እጁ አውራ ጣት የሞተውን መንኰራኵር በየሐረጉ መጨረሻ ሳያስበው ይገፋ ነበር። ስሙን አያውቀውም እንጂ ለዓመታት ሲገለገልበት ኖሯል። እኔ ደግሞ ስሙንም ወረዳውንም፣ የፖቴንሽኦሜትሩን ኦኽምም አውቃለሁ፤ አገልግሎቱን ግን አላውቅም ነበር። እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ከዚያ ከተቈረጠ ሽቦ የተነሣ ነው ማለት ይቻላል።

ሦስቱ ወገኖች

ሞጁሌሽን በመሠረቱ ቀላል ሐሳብ ነው። አንድ ነገር ሌላውን ነገር በየጊዜው እየለወጠ ሲገዛው ሞጁሌሽን አለ እንላለን። በማናቸውም ሞጁሌሽን ውስጥ ሦስት ወገኖች አሉ። አንደኛው የሚለወጠው ነው፤ ተሸካሚ እንለዋለን። ሁለተኛው የሚለውጠው ነው፤ ለዋጭ እንበለው። ሦስተኛው ለውጡ ምን ያህል ነው የሚለው፣ ማለት መጠኑ ነው። አንድ መሣሪያ የቱንም ያህል ቢወሳሰብ፣ እነዚህን ሦስቱን ለይቶ የጠየቀ ሰው መንገዱ አይጠፋበትም።

ለዚህ ከማሲንቆ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ማሲንቆ ገዝጋዡ በደጋኑ ጭራውን ሲገዘግዝ ድምፅ ይወጣል፤ ይህ ተሸካሚው ነው። የግራ እጁ ጣት ጭራው ላይ ወዲያና ወዲህ ስትል ድምፁ ትንሽ ይቀጥናል፣ ትንሽ ይወፍራል፤ ጣቲቱ ለዋጭ ናት። የምትሄደው ርቀት ደግሞ መጠኑ ነው። የሙዚቃ ሰዎች ይህን ማርገብገብ ቫይብራቶ ይሉታል። በዘፋኞችና በአውታር መሣሪያ ተጫዋቾች ዘንድ ፍጥነቱ አብዛኛውን ጊዜ በሴኮንድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ያህል ነው። እንግዲህ ያቺ ጣት በራዲዮ ቋንቋ ብንናገር የምትሠራው ኤፍ ኤም ነው፤ የተሸካሚውን ድግግሞሽ ትለውጣለችና።

ለውጡ በድግግሞሹ ላይ መሆኑ ቀርቶ በድምፁ ከፍታ ላይ ሲሆን ትሬሞሎ ይባላል፤ ይህም ኤ ኤም ነው። በሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች ምክንያት ለሀገራችን ጆሮ የተለመደው ቫይብራፎን ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ከብረት ዘንጎቹ ሥር ባሉት ቱቦዎች አፍ ላይ በሞተር የሚዞሩ ክብ ክዳኖች አሉ። ክዳኖቹ ቱቦዎቹን ሲከፍቱ ድምፁ ይጐላል፤ ሲዘጉ ይቀንሳል። ስለዚህ በዚህ መሣሪያ ውስጥ ለዋጩ ሞተር ነው፤ ፍጥነቱም የሞተሩ ፍጥነት ነው።

እጅን የተካው ቮልቴጅ

በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ውስጥ ጣትም ሞተርም የለም። ታዲያ ለዋጩ ምን ሊሆን ነው? ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ የዘመናዊው ሲንተሳይዘር መሠረት ሆኗል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሮበርት ሙግ እ.ኤ.አ. በ1964 በቮልቴጅ የሚገዙ የሙዚቃ መሣሪያ ክፍሎችን ለሞያ ባልደረቦቹ አቀረበ። ከዚያ በፊት የነበሩት የድምፅ አመንጪዎች በአብዛኛው የሚስተካከሉት ማዞሪያቸው በእጅ ሲዞር ነበር። በአዲሱ ዘዴ ግን ኦሲሌተሩም፣ ማጣሪያውም፣ ማጉያውም ሥራቸውን የሚለውጡት በሚደርሳቸው ቮልቴጅ ነው። በሙግ መሣሪያዎች ቮልቴጁ በ1 ቮልት ከፍ ሲል ድግግሞሹ እጥፍ ይሆናል፤ ማለት ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይወጣል።

ትልቁ ነገር ይኸውና። ኦሲሌተር የሚያወጣው ቮልቴጅ ነው፤ ኦሲሌተርን የሚገዛውም ቮልቴጅ ነው። የሚያወጣውና የሚገዛው አንድ ዓይነት ከሆነ፣ አንዱን ኦሲሌተር ወደ ሌላው መክተት ይቻላል። አንደኛው ይዘፍናል፤ ሁለተኛው እንደ ጣት ሆኖ ያርገበግበዋል። እ.ኤ.አ. በ1970 ለገበያ የቀረበው ሚኒሙግ ሦስት ኦሲሌተሮች ነበሩት። ሦስተኛው በሴኮንድ ጥቂት ጊዜ ብቻ እንዲወዛወዝ ተደርጎ ለለዋጭነት ማገልገል ይችል ነበር። ከመምቻዎቹ በስተግራ ሁለት መንኰራኵሮች ተተክለውለታል፤ አንዱ ድምፁን ወደ ላይና ወደ ታች ለመሳብ፣ ሌላው የሞጁሌሽኑን መጠን ለመጨመርና ለመቀነስ ነው። እኔ ሽቦውን የቈረጥሁት መንኰራኵር የዚህ የልጅ ልጅ ነበር።

ከፊታችሁ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥሁት መሣሪያ ሁለት ኦሲሌተሮች ብቻ አሉት። ይህን ንግግር በመጽሔቱ የሚያነቡ ድምፁን ባይሰሙም ቍጥሮቹን በመከተል በኅሊናቸው ሊያዳምጡት ይችላሉ። አንደኛው ኦሲሌተር በሴኮንድ 400 ጊዜ ይወዛወዛል፤ ማለት 400 ኸርዝ ነው። ሁለተኛውን የአንደኛውን ከፍታ እንዲገዛ አገናኘሁት። በሴኮንድ 1 ጊዜ ሲሆን ድምፁ ሲጐላና ሲያንስ በግልጽ ይሰማል፤ በር ሲከፈትና ሲዘጋ እንደሚሰማ ጫጫታ ነው። በሴኮንድ 6 ጊዜ ሲሆን ደስ የሚል ትሬሞሎ ሆነ። እስካሁን ድረስ ጆሯችን የሚሰማው አንድ ድምፅንና የዚያን ድምፅ እንቅስቃሴ ነው። ማዞሪያውን እያሳደግሁ ስሄድ ግን፣ በሴኮንድ ወደ 20 ሲጠጋ እንቅስቃሴውን መቍጠር ያቅተናል። በ30 ላይ ደግሞ ድምፁ ሻካራ ሆነ።

ከ20 በላይ የሚሆነው

አሁን ሁለተኛውን ወደ 150 ኸርዝ አደረስሁት። በአዳራሹ የሚሰማው ከእንግዲህ የሚንቀሳቀስ 400 አይደለም። 400 እንዳለ ሆኖ፣ ከጎኑ ሌሎች ሁለት ድምፆች ቆመዋል፤ አንዱ 550 ነው፣ ሌላው 250። የተሸካሚውና የለዋጩ ድምርና ልዩነት ናቸው። የራዲዮ ባለሙያ የሆናችሁ ወዲያው አወቃችኋቸው፤ የጎን ሞገዶች ናቸው። ልብ በሉ፤ የጎን ሞገዶቹ ለዋጩ ዝግ ባለ ጊዜም ነበሩ። በሴኮንድ 6 ጊዜ ባለው ትሬሞሎ ውስጥ 394 እና 406 ነበሩ። ጆሯችን ግን ይህን ያህል የተቀራረቡ ድምፆችን ለይቶ መስማት ስለማይችል፣ በአንድነት ጠቅልሎ «የሚንቀጠቀጥ 400» ብሎ ተቀበላቸው። በ400 ኸርዝ አካባቢ ጆሮ ሁለት ድምፆችን አጥርቶ ለይቶ የሚሰማቸው ርቀታቸው ወደ 100 ኸርዝ ያህል ሲደርስ ነው። ከዚያ በታች ሻካራነት፣ ከዚያም በታች እንቅስቃሴ ይሰማዋል።

ስለዚህ በሽቦው ውስጥ የተለወጠ ሕግ የለም። ሕጉ በ6ም ሆነ በ150 ያው ነው። የተለወጠው የጆሯችን ፍርድ ነው። ዝግ ያለውን ሞጁሌሽን ጆሮ እንደ እንቅስቃሴ ይፈርደዋል፤ ፈጣኑን እንደ ቀለም። ሞጁሌሽንን መረዳት የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊይዘው የሚገባው ነገር ይህ ይመስለኛል።

በዚህም ላይ የራዲዮና የሙዚቃ መንገድ ይለያያል። በራዲዮ ሞጁሌሽን ማጓጓዣ ነው። ኤፍ ኤም አዲስ በ97.1 ሜጋኸርዝ ንግግርንና ዘፈንን ጭኖ ሲልክ፣ መቀበያችን ጭነቱን አውርዶ ተሸካሚውን ይጥለዋል። የጎን ሞገዶቹን እንዳሉ የሚያዳምጥ ሰው የለም። በሲንተሳይዘር ግን የሚያወርድ መቀበያ የለም። የጎን ሞገዶቹ በቀጥታ ወደ ድምፅ ማጉያው ይሄዳሉ፤ የሚፈለጉትም እነርሱው ናቸው። ለእኛ ጆንያ የሆነው ለሙዚቀኛው እህል ነው።

ከዚህ ቤተሰብ ውስጥ ሪንግ ሞዱሌተር የሚባለው ወረዳ ሁለቱን ግብዓቶች አባዝቶ ድምራቸውንና ልዩነታቸውን ብቻ ያወጣል፤ ተሸካሚውን ራሱን ያስቀረዋል። 400 እና 150 ሲገቡ የሚወጡት 550 እና 250 ብቻ ናቸው። የሰው ድምፅ በዚህ ወረዳ ውስጥ ሲያልፍ ሰውነቱ ይጠፋል። ቢ ቢ ሲ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳየው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ዳሌክ የተባሉት ፍጡራን የሚናገሩበት ብረት ብረት የሚል ድምፅ የተሠራው በዚሁ ነው። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ካርልሃይንዝ ሽቶክሃውዘንም እ.ኤ.አ. በ1964 በደረሰው «ሚክስቱር» የኦርኬስትራን ድምፅ በሪንግ ሞዱሌተር አሳልፎታል።

ከቫይብራቶ የተወለደ ግኝት

እስካሁን የተናገርሁት በአብዛኛው ከፍታን ስለ መለወጥ ነው። ድግግሞሽን በፍጥነት ብንለውጥስ? ይህን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ በጆሮው የመለሰው ሰው መሐንዲስ አልነበረም። ጆን ቻውኒንግ በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረ የሙዚቃ ደራሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በኮምፒዩተር ቫይብራቶ እያሠራ ይሞክር ነበር። የቫይብራቶውን ፍጥነትና መጠን ከተለመደው እጅግ አብልጦ ሲጨምረው፣ የሚንቀጠቀጠው ድምፅ በድንገት መንቀጥቀጡን ትቶ ቀለሙን ለወጠ። በሁለት ቀላል ሞገዶች ብቻ የተሠራው ነገር ብዙ ሃርሞኒኮች እንዳሉት የተፈጥሮ ድምፅ ተሰማ።

የሒሳቡ ነገር ለዚህ ጉባኤ አዲስ አይደለም። ኤድዊን አርምስትሮንግ ሰፊ መስመር ያለውን የኤፍ ኤም ራዲዮ ፓተንት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። በኤ ኤም የጎን ሞገዶቹ ሁለት ብቻ ናቸው። በኤፍ ኤም ግን በለዋጩ ድግግሞሽ ርቀት እየተሰለፉ በሁለቱም በኩል ይቀጥላሉ። ተሸካሚው 400፣ ለዋጩ 100 ቢሆን 300ና 500፣ 200ና 600፣ 100ና 700 እያሉ ይሄዳሉ። ስንቶቹ ጎልተው እንደሚሰሙ የሚወስነው የሞጁሌሽን ኢንዴክስ ነው፤ ይኸውም ተሸካሚው ከቦታው የሚርቅበት መጠን ለለዋጩ ድግግሞሽ ሲካፈል የሚገኘው ቍጥር ነው። በግምት፣ በያንዳንዱ ጎን የሚሰሙት ሞገዶች ብዛት ኢንዴክሱ ላይ አንድ ተጨምሮበት ነው። በኤፍ ኤም ስርጭት ትልቁ ርቀት 75 ኪሎኸርዝ፣ ትልቁ የድምፅ ድግግሞሽ 15 ኪሎኸርዝ ስለሆነ፣ ይህ ቍጥር 5 መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

እንግዲህ የቻውኒንግ ዘዴ በሁለት ቍጥሮች ላይ ይቆማል። የመጀመሪያው የተሸካሚውና የለዋጩ ድግግሞሽ ዝምድና ነው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ፣ ማለት 1 ለ 1፣ የጎን ሞገዶቹ በሙሉ በተሸካሚው ብዜት ላይ ይወድቃሉ፤ ድምፁ እንደ አውታርና እንደ ጡሩምባ ድምፅ የተሟላ ይሆናል። 1 ለ 2 ከሆነ ጎደሎ ቍጥር ያላቸው ሃርሞኒኮች ብቻ ይወጣሉ፤ ክላርኔትን የሚመስል ድምፅ ይገኛል። ዝምድናው ሙሉ ቍጥር ካልሆነስ? ቻውኒንግ ለደወል ድምፅ የመረጠው ተሸካሚ 200፣ ለዋጩ 280 ኸርዝ ነው። ሲደመሩ 480 ይሆናሉ፤ ሲቀነሱ ግን ከዜሮ በታች 80 ይመጣል። ከዜሮ በታች የሆነ ድግግሞሽ ፌዙን ገልብጦ ወደ ላይ ስለሚመለስ፣ የምንሰማው 80ን ነው። ቀጥለው 760ና 360 ይመጣሉ። ከእነዚህ አንዱም የ200 ሙሉ ብዜት አይደለም። ለዚህ ነው ድምፁ የተመታ ብረት እንጂ የተነፋ ቱቦ የማይመስለው።

ሁለተኛው ቍጥር ኢንዴክሱ ነው፤ እርሱም በጊዜ ውስጥ መንቀሳቀስ አለበት። ፈረንሳዊው ዣን ክሎድ ሪሴ በቤል ላቦራቶሪ የጡሩምባን ድምፅ መርምሮ፣ ድምፁ ሲጐላ ከፍተኛዎቹ ሃርሞኒኮች እየበዙ እንደሚመጡ አሳይቶ ነበር። ቻውኒንግ ይህን አስታውሶ፣ ኢንዴክሱ ከድምፁ ከፍታ ጋር አብሮ ከዜሮ ወደ 5 እንዲወጣና እንዲወርድ ቢያደርገው፣ ማሽኑ እንደ ጡሩምባ ተነፋ። ድምፅን ሕይወት የሚሰጠው ቀለሙ ብቻ አይደለም፤ የቀለሙ መለዋወጥ ነው። ቻውኒንግ ይህን ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1973 በጽሑፍ አወጣው። ስታንፎርድም እ.ኤ.አ. በ1977 ፓተንቱን አገኘ። ፈቃዱን የወሰደው የጃፓኑ ያማሃ ሲሆን፣ ፓተንቱ ለዩኒቨርሲቲው ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገኝቷል።

የተዘጋጀ ድምፅና የሚዘጋጅ ድምፅ

ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1983 ዲ ኤክስ 7 የተባለውን ሲንተሳይዘር አወጣ። በውስጡ ኦፕሬተር የሚባሉ 6 የሞገድ አመንጪዎች ለያንዳንዱ ድምፅ ይሠራሉ፤ ማን ማንን እንደሚገዛ የሚወስኑ 32 የአደራደር ስልቶች አሉት፤ በአንድ ጊዜ 16 ኖታዎች ያሰማል። በትክክለኛ አነጋገር መሣሪያው የሚለውጠው ድግግሞሹን ሳይሆን ፌዙን ነው፤ ውጤቱ ግን ለጆሮ ያው ነው። መምቻው በኃይል ሲመታ ኢንዴክሱ እንዲጨምር ማድረግ ስለሚቻል፣ የእጅ ጕልበት ወደ ቀለም ይለወጣል። በአሜሪካ ዋጋው 1,995 ዶላር ነበር፤ ከ150,000 በላይ ተሽጧል።

ይሁን እንጂ ዲ ኤክስ 7 የራሱን ችግር ይዞ መጣ። በሚኒሙግ ላይ ለያንዳንዱ ተግባር አንድ ማዞሪያ ነበረ። በዲ ኤክስ 7 ላይ ማዞሪያዎቹ ጠፍተው ጠፍጣፋ ቍልፎች፣ ተንሸራታቾችና ሁለት መስመር የምታሳይ ትንሽ መስኮት ብቻ ቀሩ። ከመቶ የሚበልጡትን ቍጥሮች በዚያች መስኮት እያዩ መለወጥ ትዕግሥትን የሚፈታተን ሥራ ነበር። ስለዚህ አብዛኛው ተጫዋች ፋብሪካው ያዘጋጀለትን ድምፅ እንዳለ ወሰደ። በእነዚያ ዓመታት ከቶኪዮ እስከ ለንደን በሚወጡ ዘፈኖች ውስጥ ያው ፒያኖና ያው ቤዝ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ነገር እኛንም ይመለከታል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በሀገራችን ሙዚቃ ውስጥ የጡሩምባና የሳክስፎን ጓድ ይሠራው የነበረውን ሥራ እየተካ የመጣው ሲንተሳይዘር ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ ሠርግ ሲያስጨፍር ማየት የተለመደ ሆኗል። ብዙ ሰዎች በዚህ ያዝናሉ፤ ሐዘናቸውንም አልነቅፍም። ጥፋቱ ግን ከማሽኑ ነው ለማለት ይከብደኛል። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን አኮርድዮንን ከሲንተሳይዘርና ከሪትም ማሽን ጋር አዋሕዶ ያወጣው የካሴት ሥራ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ በዓለም ዙሪያ አድማጭ አግኝቷል። ማሽኑ ለሁሉም አንድ ነው፤ ሰው የሚለይበት በሚገዛው እጅ ነው።

ስለ ማሲንቆ ልመለስና ነገሩን በተግባር ላሳያችሁ። በብዙ ኪቦርዶች ላይ ማሲንቆን እንዲተካ የሚመረጠው ድምፅ ቫይብራቶው ኖታው ገና ሲጀምር አብሮ ይጀምራል፤ በአንድ ፍጥነትና በአንድ መጠን እስከ መጨረሻው ይቀጥላል። ማሲንቆ ገዝጋዥ ግን እንዲህ አያደርግም። ጣቱን መጀመሪያ በጽናት ያሳርፋል፤ ድምፁ ሲረጋ ቀስ ብሎ ያርገበግባል፤ ሐረጉ ሊያበቃ ሲል ያሰፋዋል ወይም ይተወዋል። ይህን ሁሉ በሲንተሳይዘር ቋንቋ መናገር ይቻላል። የለዋጩን መጀመሪያ ማዘግየት ይቻላል፤ ዲ ኤክስ 7 ራሱ ይህን የሚያደርግ ቍጥር አለው። መጠኑን ለመንኰራኵሩ መስጠት ይቻላል፤ ያን ጊዜ አውራ ጣት የማሲንቆ ጣት ትሆናለች። ከኖታ ወደ ኖታ ያለውን መንሸራተት በሌላው መንኰራኵር መሥራት ይቻላል። ደጋኑ ሲጠነክር ድምፁ እንደሚደምቅ ሁሉ፣ ኢንዴክሱን ከምቱ ኃይል ጋር ማያያዝ ይቻላል።

የቅኝታችንም ጕዳይ እንዲሁ ነው። ኪቦርድ ሲሠራ ኦክታቩ 12 እኩል ክፍሎች ተደርጎ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል 100 ሴንት ነው። የባሕል መሣሪያ ተጫዋቾቻችን በአንቺሆዬም ሆነ በአምባሰል የሚያስቀምጧቸው ርቀቶች ሁልጊዜ ከዚህ ጋር አይገጥሙም። የመጀመሪያው ዲ ኤክስ 7 ይህን የሚያስተካክልበት መንገድ አልነበረውም፤ እ.ኤ.አ. በ1987 የተከተለው ዲ ኤክስ 7 ቍጥር ሁለት ግን እያንዳንዱን ኖታ ለይቶ መቃኘት አስቻለ። ዛሬ በገበያ ያሉ ብዙ ኪቦርዶችም ይህን ይፈቅዳሉ። ተፈቅዶ ሳለ ያልተነካ ነገር ግን እንደሌለ ይቈጠራል።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፤

ሞጁሌሽን ማለት አንዱ ሌላውን መግዛቱ ነው ብዬ ጀመርሁ። ዝግ ሲል እንቅስቃሴ ሆኖ ይሰማል፤ ሲፈጥን ቀለም ይሆናል። ማን ይገዛል፣ ማን ይገዛለታል፣ ምን ያህል፣ በምን ፍጥነት የሚሉትን ጥያቄዎች የያዘ ሰው የማናቸውንም ሲንተሳይዘር በር ይከፍታል። የማይጠይቅ ሰው ግን በፋብሪካው የተመረጠለትን ሲያሰማ ይኖራል፤ ገዢው ሌላ ነውና።

ከእኛ ከባለሙያዎቹ የሚጠበቀው ሁለት ነገር ይመስለኛል። የመጀመሪያው፣ የሙዚቃ መሣሪያ ለጥገና ሲመጣልን ከመክፈታችን በፊት ባለቤቱ እንዲጫወትበት ማድረግ ነው። እጁን ማየት ወረዳውን ከማየት ይቀድማል። ሁለተኛው፣ ሲወስደው የተበላሸው ክፍል ምን ያገለግል እንደነበር መንገር ነው። አምስት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ከሙዚቀኞቹም የምጠይቀው አለኝ፤ ስሙን የማታውቁትን ነገር ከማስቈረጣችሁ በፊት ጠይቁ። ቻውኒንግ ጆሮ ነበረው፤ የሰማውን በሒሳብ እንዲረዳ ያገዙት መሐንዲሶች ደግሞ ከጎኑ ነበሩ። በእኛም ዘንድ ጆሮና ሒሳብ በአንድ ከተማ እየኖሩ ሳይተዋወቁ መቅረታቸው ያሳዝናል።

ያ ወጣት የት ደረሰ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ሥራውን ካቆመ አሮጌ ራዲዮ ውስጥ ተመሳሳይ ኦኽም ያለው ፖቴንሽኦሜትር አወጣሁና አጽድቼ ተከልሁለት፤ የቈረጥሁትንም ሽቦ መልሼ በየድሁት። የቫይብራቶውን መጀመሪያም ጥቂት አዘገየሁለት። አንድ ትዝታ ተጫወተ። ሐረጉ ሊያበቃ ሲል አውራ ጣቱ መንኰራኵሩን ገፋች፤ ድምፁም ረግቶ ከቆየ በኋላ ረገበ። ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ይህ ነገር ስሙ ማን ነበር?» አለኝ። ነገርሁት። የሁለተኛውን ጥገና ሂሳብ ግን አልተቀበልሁትም፤ ጥፋቱ የእኔም ነበርና።